የማገዶ ምድጃና የጢስ መውጫ ቱቦ በሰፋሪው ቤት
ለሠፈራ ጣቢያ ኀላፊዎችና ለእርዳታ ሠራተኞች የተደረገ ንግግር



ስለ እህል፣ ስለ ውሃና ስለ መድኃኒት ሲነገር ከዋለ በኋላ ስለ ምድጃ እንድናገር መጋበዜ ለአንዳንዶቻችሁ የስብሰባውን ክብደት የሚቀንስ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ ለሰፋሪው የሚታደለው እህል ሁሉ በመጨረሻ የሚያልፈው በእሳት ላይ ነው፤ እሳቱም የሚነደው ሕፃናት በሚተኙበት ቤት ውስጥ ነው። ይህን ልብ ላለ ሰው የምድጃው ጉዳይ ከእህሉ ጉዳይ የሚለይ አይሆንም። ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ጠባብ ነገር ነው፤ ይኸውም የማገዶ ምድጃ ከነጢስ መውጫ ቱቦው በሰፋሪ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚተከል፣ በስሕተት ሲተከልም ምን እንደሚያስከትል ነው። ምድጃ ማደልና ምድጃ መትከል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። እኛ በአብዛኛው ስናደርግ የኖርነው የመጀመሪያውን ነው።

እንደሚታወቀው በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600 ሺህ ያህል ሕዝብ ወደ መተከል፣ ወደ አሶሳ፣ ወደ ወለጋ፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ኢሉባቦርና ወደ ከፋ ተወስዷል። ከዚህ ሕዝብ ብዙው ፈቃዱን ሳይጠየቅ የሄደ መሆኑ ዛሬ የተሰወረ ነገር ስላልሆነ አሁን አልመለስበትም። ለያዝነው ጉዳይ የሚያስፈልገን ሕዝቡ ይዞት የሄደው የማብሰል ልማድና የደረሰበት ቤት አለመስማማታቸውን ማስተዋል ነው። በደጋ ኩበት እያነደደች፣ ከድንጋይና ከጭቃ በተሠራ ቤት እንጀራ ስትጋግር የኖረች እናት በቆላው ያገኘችው ግድግዳው ቀርከሃ፣ ጣሪያው ሣር የሆነ ቤት ነው። ሦስቱን ጉልቻ እዚያው መካከል ጎለተች። ማገዶው በመጀመሪያው ዓመት ከደጃፍ ይለቀም ነበር፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ጫካው ከመንደሩ እየሸሸ ሄዶ የግማሽ ቀን መንገድ ሆነ። በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው የሠፈራ ፕሮግራምም ሆነ በስደተኞች መጠለያዎች ዙሪያ የታየው ከዚህ ብዙ አይለይም። መንደር በተቆረቆረ ቁጥር በመጀመሪያ የሚመነምነው በዙሪያው ያለው ዛፍ ነው።

በአገራችን ከአሥር ቤተሰብ ዘጠኙ ያህል የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በመሳሰለው ነው። ከዚህም ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚበላው እንጀራ መጋገር ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከነዚህም ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው አምስት ዓመት ያልሞላ ሕፃናት ናቸው። በክሊኒክ መዝገብ ላይ ሳል፣ የሳንባ ምችና የዓይን ሕመም ተብሎ የሚጻፈው ከፊሉ ከዚያው ከጉልቻው ዙሪያ የመጣ ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት በምዕራብ ቆላ በሚገኝ አንድ የሠፈራ መንደር አንድ የእርዳታ ድርጅት ምድጃዎችን ከነቱቦዎቻቸው አመጣ። ድርጅቱን ስሙን አልጠራም፤ እኔም ከተካዮቹ አንዱ ስለነበርሁ ጥፋቱ የእኔም ነው። ቱቦዎቹ የታዘዙት ለቆርቆሮ ጣሪያ ነበር፤ መንደሩ ግን ከመጋዘኑና ከትምህርት ቤቱ በስተቀር ሁሉም ሣር ነው። ዝናቡ ሊገባ የቀረው ጊዜ አጭር ነበርና ሣሩን ቀደን፣ ቱቦውን አሳልፈን፣ ዙሪያውን በጭቃ መረግነው። ጭቃው ሲደርቅ ተሰነጠቀ። ከወር በኋላ ከእነዚያ ቤቶች አንዱ በጠራራ ፀሐይ ነደደ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልሞተም፤ የዓመቱ በቆሎና የሁለት ልጆች ልብስ ግን አብሮ ጠፋ። በማግስቱ የመንደሩ ሰው ሁሉ ቱቦውን ነቅሎ ከደጅ ጣለው፤ የተረፈውም ምድጃ የዶሮ ማደሪያ ሆነ። ለዋናው መሥሪያ ቤት የተላከው ሪፖርት ግን ምድጃዎቹ በሙሉ መታደላቸውን ብቻ ይገልጽ ነበር። ሪፖርቱ ሐሰት አልነበረም።

በዚያው መንደር ከአንዲት አዛውንት ጋር ስንነጋገር ጢሱን ካስወጣችሁት ነቀዙን ማን ያስወጣልናል ብለው ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነበር። በሰፋሪው ቤት ጢስ ጠላት ብቻ አይደለም። ከእሳቱ በላይ የተንጠለጠለውን የዘር በቆሎ ከነቀዝ ይጠብቃል፤ የጣሪያውን ሣርና ማገር ያደርቃል፤ እንጨት በል ነፍሳትንም ያርቃል። ቢንቢንም ያባርራል ብለው ብዙዎች ያምኑበታል። ክፍት እሳት ደግሞ ሌሊት ብርሃን፣ በደጋም ሙቀት ነው። እንግዲህ ቱቦ ስንተክል እነዚህን አገልግሎቶች ሁሉ ከቤቱ እየነጠቅን ነው ማለት ነው። ስለዚህ ለዘሩ የሚሆን በደንብ የሚዘጋ ጎተራ ወይም ጆንያ፣ ለቢንቢው አጎበር፣ ለማታው መብራት በአንድነት ካልታሰበ በቀር እናቲቱ ቱቦውን ብትነቅለው ልንፈርድባት አይገባም። ይህ ከምድጃ ባለሙያ ሥራ ውጭ ነው የሚል ካለ፣ እኔ በበኩሌ አልስማማም።

አሁን ወደ አተካከሉ ልግባ።

በመጀመሪያ ስለ ምድጃው ራሱ። በአገራችን በሰፊው የታወቀው ለእንጀራ የሚሆነው ምድጃ «ምርጥ» የሚባለው ነው። በኢነርጂ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተዘጋጀ ሲሆን፣ የሚሠራውም ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ አሸዋ በቅርጽ ማውጫ ተቀርጾ ነው። አራት ክፋዮች ገጥመው ምጣዱን የሚሸከመውን ክብ ይሠራሉ፤ ከኋላ የሚገጠመው ክፍል ደግሞ ጢሱን ያወጣል፣ በላዩም ድስት ይጣድበታል። በፈተና ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር ማገዶውን እስከ ግማሽ ሊቆጥብ እንደሚችል ታውቋል። በቤት ውስጥ ግን ቁጠባው እንደ አጋጋሪዋ፣ እንደ እንጨቱ ድርቀትና እንደ አገጣጠሙ ይለያያል። በክፋዮቹ መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከተተወ ምድጃው ከጉልቻ የሚሻለው በመልኩ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ዓይነት ምርጥ ቱቦ አልነበረውም፤ ጢሱን ይቀንሳል እንጂ ከቤት አያስወጣም። ቱቦ የሚቀጥለው ዓይነት የመጣው በኋላ ነው፤ የዛሬው ንግግሬም በዚህኛው ላይ ነው።

የምድጃውን ቦታ የምትመርጠው አጋጋሪዋ ትሁን፤ ባለሙያው ግን ሦስት ነገር ይከልክል። ከበሩ ፊት ለፊት አይሁን፤ ነፋስ እሳቱን ወደ ሰው ይመልሰዋልና። ከቀርከሃ ወይም ከእንጨት ግድግዳ ጋር አይለጠፍ። ከምሰሶው ሥርም አይሁን። ከፍታው ደግሞ ብዙ ጊዜ የምንሳሳትበት ነው። ሕፃን እንዳይወድቅበት ብለን ከፍ ባለ መደብ ላይ አስቀመጥነው፤ በዱካ ላይ ተቀምጣ የምትጋግር ሴት ግን ቆማ መጋገር ስላልለመደች ለማሰፋት እጇን ከትከሻዋ በላይ ማንሳት ግድ ሆነባት። በሁለት ሳምንት ውስጥ መደቡ ፈረሰ። ስለዚህ ጭቃው ከመቦካቱ በፊት ሴትዮዋ በለመደችው መቀመጫ ላይ ትቀመጥ፤ ባዶ ምጣድ በድንጋይ ላይ ይጣድላት፤ እጇም እስከ ምጣዱ ማዶ ጠርዝ መድረሱ ይታይ። ልኩ ይህ ነው፤ በሜትር የሚጻፍ አይደለም።

ቱቦው ከስስ ላሜራ ተጠቅልሎ ይሠራል። ስፋቱ ከምድጃው የጢስ አፍ ማነስ የለበትም፤ በመንገዱም ላይ ከቶ መጥበብ የለበትም። ከምድጃው ጋር የሚገናኘው የመጀመሪያው ቁራጭ በጣም ስለሚግል፣ በዚንክ የተለበጠው ላሜራ ሲግል መጥፎ ጢስ ስለሚያወጣም፣ ይህ ቁራጭ ከጥቁር ላሜራ ቢሠራ ይመረጣል፤ ከዚያ በላይ ያለው የተለበጠ ቢሆን ዝገትን ይቋቋማል። አንዱ ቁራጭ በሌላው ሲጠለቅ የላይኛው ጫፍ ወደ ታችኛው ውስጥ ይግባ። ብዙ ሠራተኞች የዝናብ አሸንዳ መስሏቸው በውጭ የሚፈሰውን ውሃ ብቻ ያስባሉ፤ ዋናው ግን በቱቦው ውስጥ ቀዝቅዞ የሚወርደው እንደ ቅጥራን ያለ ጥቁር ፈሳሽ ነው። አገጣጠሙ ከተገለበጠ ይህ ፈሳሽ በየመጋጠሚያው እየወጣ ግድግዳውን ያበላሻል፤ ሲጠራቀምም ይነዳል።

ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ሥራው ቀላል ነው። ቱቦው በሁለት ወራጆች መካከል ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ በዙሪያው የሚጠለቀው የቆርቆሮ ሽፋን የላይኛው ጠርዝ ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር ይገባል፣ የታችኛው ጠርዝ ደግሞ በታችኛው ቆርቆሮ ላይ ይተኛል። ይህ ከተገለበጠ የመጀመሪያው ዝናብ በምጣዱ ላይ ይወርዳል። ቱቦው ከጣሪያው በላይ የአንድ ሜትር ያህል ከፍታ ይኑረው፤ በሦስት ሜትር ዙሪያ ካለው የጣሪያ ክፍል ሁሉም በ60 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ። ከዚህ ካነሰ ከጣሪያው አናት የሚመለሰው ነፋስ ጢሱን ወደ ቤት ይደፋዋል። በጫፉ ላይ ዝናብ የሚከለክል ቆብ ይደረግ፤ በቆቡና በቱቦው አፍ መካከል ግን ጢሱ ሳይታነቅ የሚወጣበት በቂ ክፍተት ይተው።

ጣሪያው ሣር ከሆነ ቱቦን በሣር ውስጥ አታሳልፉ። ይህን ከላይ በነገርኳችሁ እሳት የተማርሁት ስለሆነ ደግሜ እናገራለሁ። ነጠላ የላሜራ ቱቦ ከሚነድ ነገር ሁሉ ቢያንስ 45 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት፤ በሣር ጣሪያ ላይ በሁሉም ጎን ይህን ያህል ቀዳዳ ከተተወ ጣሪያው ጣሪያ አይደለም። አቅም ካለ ትክክለኛው መፍትሔ ማድ ቤቱን ከመኝታው ለይቶ፣ ትንሽ አድርጎ፣ ቆርቆሮ ማልበስ ነው። ለአንድ ማድ ቤት የሚበቃው ቆርቆሮ ጥቂት ነው፤ ለጣቢያው አጥር ከምናወጣው ያንሳል። አቅም ከሌለ ግን ቱቦው በግድግዳው በኩል ይውጣ። ለዚህም ግድግዳው በቱቦው ዙሪያ ቀርከሃውና እንጨቱ ሰፋ ተደርጎ ይቆረጥና ክፍተቱ በድንጋይና በጭቃ ይሞላ። የተጋደመው ክፍል ከአንድ ሜትር አይብለጥ፤ ወደ ውጭ ሲሄድም በትንሹ እያደገ ይሂድ እንጂ ወደ ታች አያዘቅዝቅ። ከግድግዳው ውጭ ባለ ሦስት አፍ መጋጠሚያ ይደረግ፤ የታችኛው አፍ በክዳን ተዘግቶ ለመጥረጊያ ያገለግላል፣ ከላይኛው አፍ ቱቦው ቀጥ ብሎ ይነሣል። ቱቦው ከጣሪያው ክፍክፍ በሚገባ ርቆ፣ ለብቻው በተተከለ ግንድ ላይ በብረት ክንድ ተይዞ፣ የሣሩን ከፍታ አልፎ ይቁም። ብልጭታ እንዳይወረወር በአፉ ላይ የሽቦ ወንፊት ይደረግለታል። ይህ አሠራር ጉድለት የለውም አልልም። በውጭ የቆመ ቱቦ ስለሚቀዘቅዝ ጢሱን የመሳብ ኀይሉ ይደክማል፤ ጥቀርሻውም፣ ወንፊቱም ቶሎ ይደፈናሉ። ስለዚህ መጥረጉ የግድ ነው።

ምድጃው ከተተከለ በኋላ የመጀመሪያው እሳት የሚነደው ተካዩ ባለበት ይሁን። ቱቦው ቀዝቃዛ ሳለ ጢሱ ወደ ቤት መመለሱ አይቀርም፤ ይህን ያላወቀ ሰው ምድጃው አይሠራም ብሎ ይደመድማል። አንድ እፍኝ ደረቅ ጭድ በመጥረጊያው አፍ በኩል ቢነድ ቱቦው ሞቆ መሳብ ይጀምራል፤ ከዚያ ክዳኑ ይዘጋል። ቤቱ በሩም መስኮቱም ከተዘጋ ቱቦው የሚስበው አየር አያገኝም። ሌላው ፈተና እንጀራው ነው። ቱቦው ከልክ በላይ ሲስብ ነበልባሉ ወደ ኋላ ይሮጣል፤ የምጣዱ ማዶ ይግላል፣ ፊቱ ይቀዘቅዛል፤ እንጀራውም ባንድ ወገን ዓይን አውጥቶ በሌላው ወገን ድፍን ሆኖ ይቀራል። መሐንዲሱ የሙቀት መለኪያ ቢይዝም እናቲቱ የምትፈርደው በዚህ ነው፣ ፍርዷም አይሳሳትም። መድኃኒቱ ከምጣዱ ሥር፣ በጢሱ አፍ ፊት፣ ነበልባሉን የሚያስቆምና የሚበትን ዝቅተኛ የጭቃ እርከን መሥራት፣ ካስፈለገም አፉን በሸክላ ስባሪ ማጥበብ ነው። እርከኑን ሁለትና ሦስት ጊዜ አፍርሶ መሥራት ሊያስፈልግ ይችላል። እንጀራው በሁሉም ወገን ዓይን ካላወጣ ተካዩ ከዚያ ቤት አይውጣ።

ስለ ማጽዳቱ ብዙ አልናገርም። በወር አንድ ጊዜ በገመድ ላይ የታሰረ የጆንያ ጥቅል፣ ወይም የቅርንጫፍ ችቦ በቱቦው ውስጥ ይመላለስ፤ ጥቀርሻው ከታች ይውጣ። እርጥብ እንጨት የሚነድ ከሆነ ጊዜው ይጠር።

ይህ ሁሉ ዝርዝር ለምን አስፈለገ የሚል ቢኖር፣ በሌሎች አገሮች የደረሰውን ልጥቀስ። ጓቲማላ እ.ኤ.አ. በ1976 ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ከደረሰባት በኋላ «ሎሬና» የተባለ፣ ከጭቃና ከአሸዋ የሚሠራ፣ ጢስ መውጫ ያለው ምድጃ በእርዳታ ሠራተኞች ዘንድ ዝነኛ ሆነ። ጢሱን ማስወጣቱ መልካም ነበር፤ ወፍራሙ ጭቃ ግን ሙቀቱን ራሱ እየጠጣ ከጉልቻ ያነሰ ማገዶ እንደማይፈጅ በኋላ በተደረጉ ፈተናዎች ታየ። ስለዚህ ጢስ ያስወጣ ሁሉ ማገዶ ይቆጥባል ማለት አይደለም። በዚያው አገር ደጋማ ክፍል እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ከ500 በላይ በሆኑ ቤቶች በተካሄደው ጥናት ደግሞ፣ ቱቦ ያለው ምድጃ በሚገባ ተተክሎ በየጊዜው ሲጠበቅ በማድ ቤቱ ያለው ጢስ ወደ አንድ ዐሥረኛ ገደማ ወረደ። ሕፃኑ የሚተነፍሰው ግን የቀነሰው በግማሽ ያህል ነው፤ ሕፃን ከማድ ቤት ውጭም ይውላልና፣ ጢሱም በመንደሩ መካከል ይቀራልና። ከባዱ የሳንባ ምች በሲሶ ያህል ቀነሰ። በሕንድ በኦዲሻ ክፍለ አገር 2,600 ያህል ቤተሰቦችን ለዓመታት የተከታተለው ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየን። በመጀመሪያው ዓመት የሚተነፈሰው ጢስ ቀንሶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ልዩነቱ ጠፋ። ምክንያቱም ቤተሰቦቹ ምድጃውን አዘውትረው አልተጠቀሙበትም፣ ሲሰበርም አልጠገኑትም። በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ልዩነት በጭቃው ወይም በላሜራው አይመስለኝም። በጓቲማላ ጠጋኝ በየጊዜው ወደ ቤት ይመጣ ነበር።

ስለዚህ ለጣቢያ ኀላፊዎች ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ትእዛዝ ከመጻፉ በፊት በየጣቢያው አንድ ሰው ዐሥር ቤቶችን ገብቶ ይለካ፤ ጣሪያው ሣር ይሁን ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ምን እንደሆነ፣ ማድ ቤቱ ተለይቶ እንደሆነ ይጻፍ። እኛ ያን ጊዜ ይህን ብናደርግ ኖሮ የቆርቆሮ ጣሪያ ቱቦ ወደ ሣር መንደር ባልሄደም ነበር። ሁለተኛ፣ ለምድጃ ከሚመደበው ገንዘብ ከፊሉ በመንደሩ ለሚቀመጥ አንድ ላሜራ ሠራተኛና አንድ ግንበኛ ማሠልጠኛና ደመወዝ ይመደብ። የሪፖርቱ ቅጽም አሁን «የታደለ» የሚል ዓምድ ብቻ ነው ያለው፤ ከክረምት በኋላ ተቆጥሮ የሚሞላ «የሚነድ» የሚል ሌላ ዓምድ ቢጨመርበት፣ ቁጥሩ እንደሚያሳፍረን ባውቅም፣ እኔ እደግፈዋለሁ። ለጋሾች ይህን አይወዱትም የሚል አስተያየት ከአንዳንድ ባልደረቦች ሰምቻለሁ። እስካሁን ጠይቆ የተከለከለ ግን አላጋጠመኝም።

የቀረውን ጊዜ ለጥያቄ እተወዋለሁ። ከአዳራሹ በስተጀርባ ባለው የሣር ቤት ውስጥ አንድ ምድጃ ከነቱቦው በግድግዳ በኩል ተተክሏል፤ ከጧት ጀምሮም ሁለት እናቶች እየጋገሩበት ነው። እርከኑን ሁለት ጊዜ አፍርሰነዋል። ሦስተኛው እንዴት እንደሆነ እንጀራውን አይታችሁ እናንተው ንገሩን።